ሸክምን ማስረከብ፦ የአንድ ቤተሰብ የመርከብ ጉዞ የመጀመሪያ ቀን



“ዕረፍት” የሚለው ቃል በእኛ በሐበሾች ቤት ብዙ ነገር ይሸከማል። ከሥራ ፈቃድ ወስደን ሠርግ ስንደግስ ብንሰነብት “ዕረፍት ላይ ነበርኩ” እንላለን። ቤት ስንቀይር፣ እንግዳ ስንቀበል፣ ለቅሶ ስንደርስ ያቺው የዓመት ፈቃዳችን ታልቃለች። በአገልጋይ ቤት ደግሞ ነገሩ ይበረታል። የብዙ አገልጋይ ቤተሰብ የዓመት ዕረፍት ኮንፈረንስ ነው። አባት ይሰብካል፣ እናት ከእህቶች ጋር ስትጸልይና ስታማክር ትውላለች፣ ልጆች በሆቴሉ መተላለፊያ ላይ ይሯሯጣሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ “እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጥሩ አረፋችሁ?” ይባላሉ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ጌታችን ከአገልግሎት የተመለሱትን ደቀ መዛሙርት ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ያዘዘበት ክፍል አለ (ማር. 6፥31)። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር በጣም የወደድኩት ነው፤ በአገልግሎት ቤት ስኖር ግን ከዚያ በታች ያሉትን ቁጥሮች ደጋግሜ ማንበብ ጀመርኩ። በጀልባ ሄዱ፤ ሕዝቡ ግን በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው። ጌታ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ አበላቸውም። ታዲያ ዕረፍቱ ቀረ ማለት ነውን? ወደ ታች ስንወርድ በቁጥር 45 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ግድ ብሎ በጀልባ አሳፍሮ ሲልካቸው፣ ሕዝቡን ያሰናበተው ግን እርሱ ራሱ እንደሆነ እናነባለን። እኔ በዚህ ቃል ብዙ ተጽናንቻለሁ። ሕዝቡ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አገልጋይ ወደ ጀልባው መግባት ይችላል።

በጁን ወር 2025 ቤተሰባችን በዘመኑ የመጀመሪያ የሆነውን የመርከብ ጉዞ አደረገ። ስለ ባሕሩ ውበትና ስለ ምግቡ ብዛት የሚነግራችሁ ሌላ ሰው አይጠፋም። እኔ ላካፍላችሁ የምወደው ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን የማስረከብ ቀን ስለሆነ። ሻንጣ ይረከቧችኋል፣ መኪና ትተዋላችሁ፣ ስልክ ዝም ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደውም ሰውን ማስረከብ ነው።

ለምን መርከብ?

“የወንጌል አገልጋይንና የመዝናኛ መርከብን ምን አገናኛቸው?” የሚል ወገን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም በቤታችን ተነጋግረንበታል። በመርከቡ ላይ መጠጥ ቤትም ቁማር ቤትም አለ። ነገር ግን የት እንደምንገባና የት እንደማንገባ በሰፈራችን እንደምንወስን ሁሉ በመርከብም ላይ የምንወስነው እኛው ነን። ዋናው ምክንያታችን ሌላ ነበር። ትልቋ ልጃችን 17 ዓመቷ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተዋታል። ትንሹ 11 ዓመቱ ነው። የባለቤቴ እናት እማማም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አምስታችን አንድ ማዕድ ላይ ማንም ሳይጠራን የምንቀመጥበት ቦታ ፈለግን።

የመረጥነው ከቴክሳስ ጋልቨስተን ወደብ ሐሙስ ተነሥቶ፣ የሜክሲኮዋን ኮዙሜል ደሴት ነክቶ ሰኞ ጠዋት የሚመለሰውን አጭር ጉዞ ነው። የያዝናቸው ሁለት ክፍሎች መስኮት የሌላቸው፣ በዋጋም ዝቅተኞቹ ነበሩ። በቲኬቱ ውስጥ መኝታና ምግብ አለ፤ ለአንዲት እናት ይህ ማለት እስከ ሰኞ ድረስ ምድጃ ፊት አለመቆም ነው። በዋናው ዋጋ ውስጥ የማይካተቱትን ግን አስቀድሞ መደመር ያስፈልጋል፦ የወደብ መኪና ማቆሚያ፣ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚከፈለው ዕለታዊ ቲፕ፣ ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በወደብ ላይ የሚደረግ ጉብኝት። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮን የለምን? (ሉቃ. 14፥28)። ያልተሰላ ወጪ ዕረፍትን ወደ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይለውጣል።

የጉዞ ወረቀትም እንዲሁ አስቀድሞ የሚታሰብበት ነው። ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው ወደብ በሚመለስ እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ሰርተፍኬትና መንግሥት በሰጠው ባለ ፎቶ መታወቂያ መሳፈር ይችላል፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የልደት ሰርተፍኬቱ ይበቃል። ሆኖም ፓስፖርት መያዝ ይሻላል። በመንገድ ላይ ሕመም ቢገጥምና ከሌላ አገር በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ፓስፖርት ችግር ነው። እማማ በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ነው የተጓዙት። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ወደ ሜክሲኮ ለጉብኝት ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም። ደንብ ግን ሊለወጥ ስለሚችል ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ከመርከብ ድርጅቱ ማጣራት ግድ ነው።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ ስንል በመሐል አንድ እሑድ አለ። የባለቤቴ ትልቁ ሸክም ያቺ እሑድ ነበረች። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሥራውን በስም ተካፈሉት። ማን እንደሚሰብክ፣ ሆስፒታል የሚጠይቀው ማን እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስልክ ማን እንደሚይዝ ተጻፈ። ወረቀቱ ለምዕመናንም ተነበበ።

ወደ ደሴቲቱ

ረቡዕ ማታ ያደርነው ሂውስተን በዘመድ ቤት ነው። ከዳላስ ተነሥቶ ጋልቨስተን ድረስ በአውራ ጎዳና 45 ወደ 290 ማይል ይሆናል፤ መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። መሳፈሪያው የሚዘጋው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት በመሆኑ፣ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ከዋዜማው ቀርቦ ቢያድር ይመከራል። ከሂውስተን እስከ ወደቡ 50 ማይል ያህል፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ረጅሙን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደሴቲቱ ስንገባ ባለቤቴ ለልጆቹ የከተማዋን ታሪክ ነገራቸው። በሴፕቴምበር 8፣ 1900 በጋልቨስተን ላይ የወረደው ማዕበል ከ6000 የማያንሱ ሰዎችን ገድሏል፤ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ከደረሱት የተፈጥሮ አደጋዎች ብዙ ሰው ያለቀበት እርሱ ነው። ነዋሪዎቹ ከሐዘናቸው ተነሥተው ከ1902 እስከ 1904 ከፍታው 17 ጫማ ያህል የሆነ የባሕር ግንብ ሠሩ። የከተማዋንም መሬት በአሸዋ ሞልተው ከፍ አደረጉት።

ሌላም ታሪክ አለ። በጁን 19፣ 1865 በቴክሳስ የነበሩ ባሪያዎች ነፃ መሆናቸውን የሚገልጸው ወታደራዊ ትእዛዝ የታወጀው በዚችው ከተማ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጁን ያወጡት በጃንዋሪ 1863 ሲሆን፣ በቴክሳስ እስኪፈጸም ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ አልፏል። ቀኑ ከ2021 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ይከበራል።

ትንሹ ልጃችን፣ “ነፃ ከሆኑ በኋላም ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“አዎን፣ ነበሩ” አለው አባቱ።

መኪናው ውስጥ ትንሽ ዝም ተባለ። እኔም ለእግዚአብሔር ሕዝብ ዕረፍት እንደ ቀረለት የሚናገረውን የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 4 አሰብኩ። የባሪያዎቹ መከራ ከእኛ ድካም ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም የተሰጠን ነገር በእጃችን እስኪገባ ድረስ መንገድ እንዳለው የልጄ ጥያቄ አስታወሰኝ።

በወደቡ በር

በጋልቨስተን የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪናው ወደ ተርሚናሉ ይጠጋል፤ ሰውና ሻንጣ ይወርዳል። ከዚያ ሹፌሩ ብቻውን መኪናውን ወደ ማቆሚያው ወስዶ ያቆምና በአውቶቡስ ይመለሳል። አንዳንዶቹ ማቆሚያዎች ለእግር ቅርብ ናቸው፤ ሌሎቹ ራቅ ይላሉ። ቦታውን አስቀድሞ በኢንተርኔት ይዞ መክፈል ይቻላል፤ ለበዓልና ለክረምት ጉዞ ይህ ይመረጣል። ሒሳቡ በቀን ስለሆነ የሄዳችሁበትም የተመለሳችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ የእኛ አራት ሌሊት በማቆሚያው አቆጣጠር አምስት ቀን ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ዘመድ አድርሷችሁ ቢመለስ ወይም ሆቴል አድራችሁ መኪናውን እዚያ የሚያስተዉ ሆቴሎችን ብታነጻጽሩ መልካም ነው። መኪናውን ስትተዉ ውድ ዕቃ አትተዉበት፤ የቆመበትን መደዳና ቁጥር ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች የወደቡ ተሸካሚዎች ተረከቡን። በእያንዳንዱ ላይ ስማችንና የክፍላችን ቁጥር የታተመበት ወረቀት አስረንበታል። እነዚህ ሻንጣዎች ወደ ክፍል የሚደርሱት ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ማታ ነው። በመሆኑም ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ መነጽርና አንድ ቅያሬ ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን። የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት በእኔ ትከሻ ላይ ነበር።

እማማ ግን ሌላ ነገር አምጥተው ኖሯል። ማታ ሂውስተን የተጋገረ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል።

“እማማ፣ ከቤት የተሠራ ምግብ ወደ መርከቡ አያስገቡም እኮ” አልኳቸው።

“ታዲያ እንጥለዋለን እንዴ ልጄ? ለሰው ይሰጣል እንጂ!”

በእግረኛው መንገድ ዳር ድፎው ተቆረሰ። እኛም በላን፤ ሻንጣችንን የተቀበለው ሰውም ደርሶት ሽታውን አደነቀ። የቀረውን ባለቤቴ ለመኪና ማቆሚያው ሠራተኞች ይዞ ሄደ።

የመሳፈሪያ ቀጠሯችን ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነበር። በአንድ ተርሚናል በሺህ የሚቆጠር ሰው ስለሚስተናገድ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሰዓት ይሰጠዋል። 5 ሰዓት ተኩል ሆነ። አውቶቡሶች መጡ፣ ሰው አወረዱ፣ ሄዱ፤ ባለቤቴ የለም። ደወልኩ፤ ስልኩ ተይዟል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል።

“ሰው ደውሎለት ነው” አለች ልጄ ፊቷን ወደ መርከቡ አዙራ። “እኔ አውቀዋለሁ እማዬ። እኛ እንገባለን፣ እሱ ይመለሳል።”

ይህን ስትል በቁጣ አልነበረም፤ የለመደችውን ነገር እንደምትናገር ነበር የተናገረችው። የስምንተኛ ክፍል ምረቃዋ ዕለት አባቷ በመሐል ወደ ሆስፒታል ተጠርቶ ሄዷል። አንድ ክረምት ሳን አንቶኒዮ በገባን በማግሥቱ ለቀብር ተመልሰናል። እነዚያ ሁሉ መደረስ የነበረባቸው ነበሩ። ማንም “ባይሄድ ኖሮ” ሊል አይችልም፤ እርሷም ብላ አታውቅም። ነገር ግን ልጅ የአባቷን ጥሪ ብታከብርም ቦታው ላይ ያለመኖሩን ትቆጥራለች። የአገልጋይ ሚስቶች ይህን ቁጥር እናውቀዋለን።

እማማ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው፣ “ስሚኝማ የኔ ልጅ” አሏት። “እኛ አገር እረኝነት በተራ ነው። ዛሬ የኛ ቤት ልጅ የጎረቤቱንም ከብት ይዞ ይወጣል፣ ነገ የነሱ ልጅ የኛን። ተራው ያልሆነ ልጅ እቤቱ ይበላል፣ ይተኛል፣ እናቱን ያጫውታል። ከብቱ ግን አንድ ቀን ሳይጠበቅ አይውልም። ያባትሽም ተራ ዛሬ አይደለም፤ ይመጣል።”

እኔ ምንም አልጨመርኩም። በልቤ ግን “ጌታ ሆይ፣ በቁጥር 45 ላይ ያደረግኸውን ዛሬም አድርግ” እያልኩ እጸልይ ነበር።

6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባለቤቴ ከአውቶቡስ ወረደ። ፊቱ ከባድ ነበር። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን እንዳጠፋ ነው የተደወለለት። የቤተ ክርስቲያናችን አንድ አባት በድንገት ወድቀው በአምቡላንስ ተወስደዋል፤ የደወለችው ልጃቸው ናት። በስልክ አብሯት ጸለየ። ወዲያው ተረኛ ለሆኑት ሽማግሌ ደወለ፤ እርሳቸው ግን ቀድሞ ተነግሯቸው ኖሮ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነበሩ።

“ልመለስ ወይ? ብዬ ጠየቅኳቸው” አለኝ።

“ምን አሉህ?”

“‘ፓስተር፣ እርስዎ ከመጡ እኛ ምን እንሠራለን? መኪናውን ይቆልፉና ይሂዱ፤ እኔ እዚህ ነኝ’ አሉኝ።”

ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። “ያዢልኝ፣ እኔ ጋ አይሁን” አለ። ቁልፉን ከፓስፖርቶቹ በታች በቦርሳዬ የመጨረሻ ኪስ ከተትኩት። ልጄ የአባቷን የትከሻ ቦርሳ ተቀበለችውና “ና እንግባ፣ አባዬ” አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከደስታው በፊት ያለው ትምህርት

ውስጥ ሲገባ ሥርዓቱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር ይመሳሰላል። ቦርሳ በመፈተሻ ያልፋል፣ የጉዞ ወረቀት ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ መርከቡ ውስጥ ነው። ክፍሎቹ ለጽዳት ገና ተዘግተው ስለነበር በቀጥታ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄድን። እማማ የምግቡን ብዛት አይተው፣ “ይህ ሁሉ ለዛሬ ብቻ ነው?” ብለው አሳቁን።

ማንም ሰው ከመዝናናቱ በፊት ግን የሚፈጽመው ግዴታ አለ፤ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ይባላል። አሁን በብዙ መርከቦች ላይ መመሪያውን በስልክ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን ከተመለከቱ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የተመደበለት መሰብሰቢያ ቦታ ድረስ ሄዶ ካርዱን ያስመዘግባል። የመንሳፈፊያ ጃኬት አለባበስ ይታያል። የአደጋው ምልክት ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም ድምፅ ነው።

አንዳንድ መንገደኛ ይህን እንደ መዘግየት ይቆጥረዋል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። በጃንዋሪ 13፣ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ቀን ተሳፍረው ልምምዱን ገና ያላደረጉ ብዙ መንገደኞች ነበሩባት። በዚያን ጊዜ የነበረው ደንብ ልምምዱን በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግን ይፈቅድ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ግን ዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጦ፣ መርከቡ ሳይነሣ ወይም ልክ እንደተነሣ እንዲደረግ ተወስኗል።

ትንሹ ልጃችን ሰባቱን አጭርና አንዱን ረጅም ድምፅ በአፉ ሲያሰማ፣ ባለቤቴ ያን የሽማግሌዎች ወረቀት አስታወሰኝ። “እነሱም ያለ እኔ ተለማመዱ” አለ ፈገግ ብሎ። እውነቱን ነው። የተረኛ ስም ተጽፎ ባይነበብ ኖሮ ያቺ ልጅ አባቷ ሲወድቁ ከፓስተሩ ሌላ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። ሙሴም አማቱ ዮቶር መጥቶ ሸክሙን እንዲያካፍል ባይመክረው ራሱንም ሕዝቡንም ያደክም ነበር (ዘጸ. 18፥18)።

ስልኩ ዝም ሲል

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መርከቡ መልሕቁን አነሣ። በጋልቨስተንና በቦሊቫር መሐል ባለው መተላለፊያ ቀስ ብለን ስናልፍ ዶልፊኖች ከውኃው ብቅ ሲሉ ልጆቹ ጮኹ። እማማ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ባሕሩን አዩ። በሕይወታቸው ያዩት ትልቁ ውኃ ጣና ነበር። “ዳርቻ የለውም?” አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። በመርከብ ወደ ባሕር የወረዱ ሰዎች የእግዚአብሔርን ሥራ አዩ የሚለው መዝሙር (መዝ. 107) እኔም በዚያ ሰዓት ከልቤ አልወጣም።

ከየብስ ስትርቁ የስልክ ኔትወርክ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል። በመርከቡ ላይ ያለው የባሕር ኔትወርክ ውድ በመሆኑ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ካላደረጋችሁት ሳታውቁ ብዙ ሒሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። እኛ የኢንተርኔት ጥቅል አልገዛንም። ለሽማግሌዎቹ የመርከብ ድርጅቱን የአስቸኳይ ጊዜ ስልክና የክፍላችንን ቁጥር ሰጥተናል፤ ከሞት የማይተናነስ ጉዳይ ቢኖር የምንገኝበት መንገድ አለ። ባለቤቴ የመጨረሻው ምልክት ሳይጠፋ ወደ ሆስፒታሉ አንድ ጊዜ ደወለ። ሐኪሞቹ እየመረመሯቸው እንደሆነ ተነገረው። ስለ እኚያ አባት አምስታችን ተያይዘን ጸለይን። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ባለው ካዝና ቆለፈበት።

የሚቀጥለውን የምጽፈው ከልጄ ፈቃድ ጠይቄ ነው። እራት ከበላን በኋላ እማማና ትንሹ ልጄ ተኙ። ሦስታችን ወደ ላይኛው ሰገነት ወጥተን ተቀመጥን። ነፋሱ ሞቃት ነበር። ባለቤቴ ስለ ዩኒቨርሲቲ ጠየቃት፤ ስለ መኝታ ክፍል፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቿ መለሰችለት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። እንዲህ አለች፦ “አባዬ፣ እዚያ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደምፈልግ እርግጠኛ አይደለሁም። እግዚአብሔርን አልተውኩም። ግን ለእኔ ቤተ ክርስቲያን ማለት አንተን የሚወስድ ቦታ ነው።”

የአገልጋይ ልጆች ወላጆች የሆናችሁ ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ሃያ ዓመት የሰበከ ሰው ነው፤ መልስ የሚሆኑ ጥቅሶች ሁሉ በአእምሮው ነበሩ። አንድም አላነሣም። “ይህን ለመንገር ስንት ጊዜ ጠበቅሽ?” ብሎ ብቻ ጠየቃት።

“ብዙ” አለችው።

“እሺ፤ ዛሬ ማንም አይጠራኝም። ንገሪኝ።”

እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ነገረችው። እኔ ብዙውን ዝም ብዬ ሰማሁ። በዚያ ሌሊት ሁሉም ነገር ተፈታ አልላችሁም፤ አልተፈታም። ዛሬም እየጸለይንበትና እየተነጋገርንበት ነው። ነገር ግን ያ ንግግር በአውራ ጎዳና ላይ፣ በእራት ሰዓት ስልክ እየጠራ፣ በእሑድ ጥድፊያ ውስጥ ሊደረግ የሚችል አልነበረም። አንድ ሽማግሌ በሆስፒታል በር ላይ ስለቆሙ ነው አንድ አባት በልጁ አጠገብ የተቀመጠው።

ለምዕመናንና ለአገልጋይ ቤተሰቦች

ሰኞ ጠዋት ወደ ጋልቨስተን ስንቃረብ ስልኩ ተከፈተ። እኚያ አባት ሕክምና ተደርጎላቸው እየተሻላቸው መሆኑን፣ ሽማግሌዎቹና እህቶች ተራ ገብተው አልጋቸው አጠገብ እንዳደሩ ሰማን። ጌታ ይመስገን! ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ጠየቃቸው። በሰላም አሳልፈው ባይሆን ኖሮስ? ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ያኔም ቢሆን ብቻቸውን አልነበሩም፤ የክርስቶስ አካል አጠገባቸው ነበረ።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሆይ፣ እባካችሁ የተረኛ ስም ጻፉ፤ ለሕዝቡም አንብቡለት። “ፓስተር፣ ይሂዱ ይረፉ” ማለት ብቻውን አይበቃም። በእርሱ ቦታ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው ቃሉ እውነት የሚሆነው። ምዕመናን ደግሞ፣ ተረኛው ሽማግሌ ሲመጣላችሁ “ፓስተሩ የት አለ?” አትበሉ፤ የመጣውን በደስታ ተቀበሉት። የአገልጋይ ሚስቶች እህቶቼም፣ የዕረፍቱን ቀን ከኮንፈረንስ ካላንደር በፊት በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ የወጪውን ሒሳብና የጉዞ ወረቀቱንም አስቀድሙ።

ለዚህ ሁሉ መርከብ የግድ አያስፈልግም። የዳላስ አካባቢ ሰው ሬይ ሐባርድ ሐይቅ ዳር ምሳ ቋጥሮ ቢሄድ፣ በአገር ቤት ያለው ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ቢወርድ፣ አቅም ከሌለም በጓሮ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ቢዘረጋ ያው ነው። መኪናው ይቁም፣ ስልኩ ተረኛው ዘንድ ይሁን፣ ልጆቹ ይናገሩ።

የበጎች እውነተኛ እረኛ የማይተኛና የማያንቀላፋ ጌታ ነው፤ እኛ ሁላችን በእርሱ ሥር በተራ የምንጠብቅ ነን። እርሱ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ አገልጋዮቻችሁንም ያሳርፍ። አሜን።